45 ዲግሪ

ሳንቡሳ ስታነሡ መጀመሪያ ጫፎቹን እዩ። ሦስት ናቸው። አንዱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ነው፤ ሁለቱ ሾጠጥ ይላሉ። ሾጠጥ ያለውን ጫፍ ወደ ብርሃን ስታዞሩት ምንም ካላሳለፈ፣ ያጠፈው ሰው ሥራውን ያውቃል። የሥጋ ሳንቡሳ ትንሽ ቀዳዳ ቢኖረው ዘይት ጠጥቶ ይከብዳል እንጂ ይበላል። የፎርማጆ ሳንቡሳ ግን ይቅርታ የለውም። ፎርማጆው ይቀልጣል፣ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፣ የኦቭኑ ላሜራ ላይ ፈስሶ ያርራል። የሚተርፈው ባዶ ቅርፊት ነው።

ይህን ሥራ ከቅርብ ያየሁት ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ለግብዣ እየታዘዘች ከምትሠራ አንዲት የድሬዳዋ ልጅ ዘንድ ነው። ትእዛዙ የአንድ ባልና ሚስት የጋብቻ መታሰቢያ ማታ ነበር። ሥጋ የለበትም፤ ጣፋጭም አይደለም። ሁሉም ፎርማጆ ያለበት፣ ሁሉም በኦቭን የሚጋገር ሦስት ዓይነት፦ ሳንቡሳ፣ ከንብርብር ሊጥ የተጠመዘዘ ቀጭን ዱላ፣ ፈረንሳዮች ጉዤር የሚሉት ውስጡ ክፍት የሆነ ድቡልቡል።

ከሳንቡሳው ልጀምር። ሊጡ ተራ ነው፦ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው። ታሽቶ፣ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ያላረፈ ሊጥ በመዳመጫ ሲገፉት ተመልሶ ይሰበሰባል። ካረፈ በኋላ ስምንት ቦታ ይከፈላል። እያንዳንዱ ድቡልቡል በመዳፍ ስፋት ይዳመጣል። ከዚያ አራቱ ይደራረባሉ። በየመካከላቸው ዘይት ይቀባል፣ ዱቄት ይነሰነሳል፤ የላይኛው ፊትና የታችኛው ጀርባ ግን ደረቅ ይቀራሉ። አራቱ አንድ ላይ ይዳመጣሉ፤ ዲያሜትራቸው 28 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ። በዚህ ጊዜ የአንዱ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ለብቻው እንዲህ የሳሳ ሊጥ ከመዳመጫው ጋር ተጣብቆ ይቀደድ ነበር። አራት ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ይሸከማል።

ዘይት ያልነካው ምጣድ ላይ በየፊቱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቆያል። መብሰል የለበትም፤ ቀለም ከያዘ አልፎበታል። ሙቀቱ የሚፈለገው በመካከል ያለው እርጥበት ተንኖ ቂጣዎቹን እንዲያላቅቃቸው ነው። ከምጣዱ እንደወጣ፣ ትኩስ ሳለ ይላጣል። ሲቀዘቅዝ ይጣበቃልና እዚህ ላይ ጣት ማቃጠል ግድ ነው። ልጅቷ ከአንድ ጥግ ትጀምርና አየር አስገብታ በአንድ ስበት ትለየዋለች። አራቱ ቂጣዎች እኩል እንዳልሆኑም ታውቃለች። የላይኛውና የታችኛው አንዱ ፊታቸው ምጣድ ነክቷል፤ የመካከሎቹ በእንፋሎት ብቻ ነው የረጉት። ስለዚህ ምጣድ የነካውን ፊት ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች። ወደ ውጭ የሚወጣው ጥሬው ፊት ነው። በኋላ ኦቭን ውስጥ ሁሉም እኩል ቀለም የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው። ዐሥራ አምስት ሳንቡሳ ተደርድሮ አንዱ ከሌላው የማይለይበትን ትሪ ያየ ሰው፣ ምክንያቱ እዚህ ውስጥ መደበቁን አይጠረጥርም።

ቂጣው 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጥብጣብ ይቆረጣል። እርጥብ ጨርቅ ሥር ይቀመጣል፤ አንድ አንድ እየተባለ ይወጣል። ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ወር፣ ክፍት የተተወ ጥብጣብ ሲታጠፍ ይሰበራል።

አስተጣጠፉ ይህ ነው። የጥብጣቡ አንድ ጥግ ተነሥቶ ወደ ተቃራኒው ጠርዝ ይሄዳል። የተፈጠረው እጥፋት 45 ዲግሪ ነው። ፎርማጆው ይገባል። ሦስት ማዕዘኑ በራሱ ላይ ይገለበጣል፣ እንደገና ይገለበጣል፣ እንደገና። ጠርዝ ከጠርዝ ጋር መግጠም አለበት። 1 ሚሊ ሜትር ካጠረ ጫፉ ላይ ክፍተት ይቀራል። 1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ደግሞ ቀጣዩ እጥፋት ይንጋደዳል፤ ስሕተቱም በየዙሩ ያድጋል። ልጅቷ የመጀመሪያዋን እጥፋት ሆን ብላ በክር ውፍረት ያህል ታሳልፋለች፤ የቀሩትን ልክ በልክ ታደርጋለች። የመጀመሪያው መደራረብ ጫፉን ይዘጋል፣ ቀጥሎ የሚመጡት ይጠብቁታል። የመጨረሻው ጭራ በዱቄትና በውኃ ሙጫ ይጣበቃል፤ ውፍረቱ እንደ አጥሚት።

የምትጨምረው ፎርማጆ በክብ ሣጥን የሚመጣው፣ በብር ወረቀት የተጠቀለለው ላ ቫሽ ኪ ሪ ነው። እሷ በምትይዘው ሣጥን ስምንት ቁራጭ አለ። ክብ 360 ዲግሪ ነው፤ ለስምንት ሲካፈል የእያንዳንዱ ቁራጭ ሹል ጫፍ 45 ዲግሪ ይሆናል። የሳንቡሳውም ሹል ጫፍ 45 ዲግሪ ነው። ብር ወረቀቱን ልጣ፣ ቁራጩን በክር በአግድም ለሁለት ከፍላ አሳስታ ስታስገባው፣ የፎርማጆው ሁለት ጎኖች ከሊጡ ሁለት ጎኖች ጋር ገጥመው ይተኛሉ። የተረፈ ቦታ የለም፣ የታጨቀ ቦታም የለም። ሣጥኑን የሠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡም፣ ሳንቡሳንም ያጠፉት ሰዎች ሣጥኑን አላዩም። ያገጣጠመቻቸው አጣፊዋ ናት።

ቅርጹ ብቻም አይደለም። ይህ ፎርማጆ ለሐሩር የተበጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በስዊዘርላንድ ቱን ከተማ ዋልተር ጌርበርና ፍሪትስ ሽቴትለር ፎርማጆን ከሲትሬት ጨው ጋር አቅልጠው መልሰው አረጉት። የፈለጉት ሞቃት አገር ድረስ ሳይበላሽ የሚደርስ ፎርማጆ ነበር። ሌዎን ቤል ደግሞ በፈረንሳይ ዡራ፣ በሎንስ ለ ሶንዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ላ ቫሽ ኪ ሪን በስሙ አስመዘገበ። የሲትሬቱ ጨው የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፦ ቅባቱንና ውኃውን አጣብቆ ይይዛል። ግሩዬር ወይም ኤሞንታል ብቻውን ሳንቡሳ ውስጥ ቢገባ ሲሞቅ ቅባቱ ይለያል፤ ሊጡ በስብሶ ይወጣል። ይህኛው ይለሰልሳል እንጂ አይለያይም። በፎርማጆ ጣዕም የሚመጻደቅ ሰው ቢንቀውም፣ ለዚህ ቦታ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የራሳችን አይብስ? አይብ ከአሬራ ነው የሚወጣው። ወተቱ አስቀድሞ ኮምጥጧል፣ ቅቤው በመናጥ ወጥቷል፤ የቀረው አሬራ በቀስታ ሲሞቅ አይብና አጓት ይለያያሉ። ኮምጣጣው ካልሲየሙን ስለሚያወጣው አይብ የቱንም ያህል ቢሞቅ አይቀልጥም፣ አይለጠጥም። ይህ ለሳንቡሳ ጉድለት አይደለም። በሻሽ ተጨምቆ፣ ከተከተፈ ጎመን፣ ከኮሰረትና ከሚጥሚጣ ጋር ሲገባ ፍርፍር እንዳለ ይቀራል፤ ጫፉ ትንሽ ቢከፈት እንኳን አይፈስም። የሚያስቸግረው አጓቱ ነው። በደንብ ካልተጨመቀ ሊጡን ከውስጥ ያረጥበዋል። ለጅቡቲ አርብቶ አደር ቅርብ የሆነው የግመል ወተት ግን ወደ ፎርማጆ በቀላሉ አይሄድም። ወተትን የሚያረጋው ኢንዛይም የሚይዘው የፕሮቲን ዓይነት በግመል ወተት ውስጥ ጥቂት ነው፤ የረጋው ልል ሆኖ ይቀራል። በዚህ ከተማ ፎርማጆ ከሌላ አገር የሚመጣ ነገር ነው።

ሁለተኛው ሥራ፣ የተጠመዘዘው ዱላ፣ ከሙቀት ጋር ፊት ለፊት የሚገጥም ነው። ሊጡ አዲስ አበባ ኬክ ቤት ሚልፎኝ የሚሠራበት ነው፦ ሊጥና ቅቤ እየተነባበሩ። 500 ግራም ዱቄት፣ 250 ሚሊ ሊትር በረዶ የነካው ውኃ፣ 10 ግራም ጨው፣ ከዚያ 350 ግራም ያህል የገበታ ቅቤ በአንድ ጠፍጣፋ ጡብ። ቅቤው በሊጡ ይጠቀለላል፣ ይዳመጣል፣ በሦስት ይታጠፋል። ያ አንድ ዙር ነው። ቅቤው በየዙሩ በሦስት ይባዛል፦ 3፣ 9፣ 27፣ 81፣ 243። መጻሕፍቱ ስድስት ዙር ይላሉ፤ 729። ልጅቷ አምስተኛው ላይ ታቆማለች። የፎርማጆውን ክብደት ለመሸከም ንብርብሩ ትንሽ ወፈር ማለት አለበት ትላለች፣ ሲበላም ያስታውቃል። 3 ሚሊ ሜትር ላይ የተዳመጠ ሊጥ 243 ጊዜ ሲካፈል አንዱ ድርብ 0.012 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል።

ቅቤ ለዚህ ሥራ የሚታዘዘው ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ጠባብ ክልል ነው። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ሊጡ ውስጥ ይሰባበራል፤ ሲሞቅ ከሊጡ ጋር ይዋሐዳል፣ ንብርብሩም ይጠፋል። ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀን ሙቀቷ ብዙ ጊዜ 40 ያልፋል፣ አንዳንዴ 45 ይነካል፤ ሌሊቱም ከ30 ብዙም አይወርድም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ ኤሲ ባለው ጠባብ ክፍል፣ በእብነ በረድ ላይ። እብነ በረዱ ሌሊቱን በበረዶ ከረጢት ተሸፍኖ አድሯል። መዳመጫው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ሌላ ቦታ ሁለት ዙር ተከታትሎ ይሠራል፤ እዚህ ከአንድ ዙር በኋላ ሊጡ ወደ ፍሪጅ ተመልሶ አንድ ሰዓት ይቆያል። አምስት ዙር ማለት አንድ ሙሉ ጧት ነው። ለዚህ ሁሉ ቅዝቃዜ የሚሆነው ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በከፊል ከኢትዮጵያ ወንዞች በመስመር ይመጣል።

በመጨረሻ ሊጡ ላይ ደረቅ ግሩዬር ይፈቀፈቃል፤ ሚጥሚጣ በጥቂቱ። በመዳመጫ ጫን ጫን ይደረግና 1.5 በ20 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል። ቢላው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ አይጎተትም። ሲጎተት ንብርብሩ ጠርዝ ላይ ይደፈናል፣ የተደፈነም አይነሣም። እንቁላል የሚቀባው የላይኛው ፊት ብቻ ነው። ወደ ተቆረጠው ጎን ጠብ ካለ ያጣብቀዋል፤ የብሩሹ ጫፍ ጠርዙ ጋ ሲደርስ እጇ ቀጥ ይላል። ዱላው አምስት ጊዜ ይጠመዘዛል፤ እንዳይተረተር ሁለቱ ጫፎች ላሜራው ላይ ይጫናሉ። ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ፣ ከዚያ 200 ዲግሪ። ቅቤ ውስጥ ያለው ውኃ ተንኖ እያንዳንዱን ሥሥ ሊጥ ወደ ላይ ይገፋል።

ጉዤር ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ነፃ ነው፤ ቅቤው ከመጀመሪያው ይቀልጣልና። 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ከ100 ግራም ቅቤ ጋር ይፈላል፣ 150 ግራም ዱቄት በአንዴ ይገለበጥበታል። ድስቱ ታች ሥሥ ሽፋን እስኪይዝ ይማሰላል። በረድ ካለ በኋላ አራት እንቁላል፣ አንድ በአንድ። አራተኛው ተመትቶ በማንኪያ ነው የሚጨመረው፤ ማማሰያው ሲነሣ የሚንጠለጠለው ሊጥ ጫፉ ሾጥጦ ሲቆለመም በቃ። እንቁላል ቢተርፍ ይተርፋል። ከዚያ 120 ግራም ፎርማጆ። እዚህ ላይ ጅቡቲ ታግዛለች። ከተማዋ ባሕር ጠርዝ ላይ ስለሆነች ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ነው። የፈረንሳይ መጻሕፍት የተጻፉት ለዝቅተኛ አገር ነው። ደጋ ላይ ጉዤር ፈጥኖ ያብጣል፣ ግድግዳው ሳይጠነክር ይወድቃል። እዚህ መጽሐፉ የሚለው ልክ ይሆናል። አዲስ አበባ ለቅቤ፣ ጅቡቲ ለእንቁላል ትመቻለች ብል አላጋነንኩም። ችግሩ ከኦቭን ከወጣ በኋላ ነው፤ የባሕሩ እርጥበት ቅርፊቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለሰልሰዋል። ልጅቷ ሲወጣ ከጎኑ በቢላ ጫፍ ትወጋዋለች፤ የውስጡ እንፋሎት ይወጣል። ሊቀርብ ሲል 5 ደቂቃ በ180 ይመለሳል።

ዐርብ እዚያ የዕረፍት ቀን ስለሆነ የግብዣ ማታ ሐሙስ ነው። ባልና ሚስቱ ጾመኞች ናቸው፤ ዐርብ ከገባ ፎርማጆ አይነካም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከእኩለ ሌሊት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነበር የታቀደው። ዱላዎቹ ቀድመው ተጋግረዋል፤ ቀዝቅዘውም ቢሆን ቋ እያሉ ስለሚሰበሩ፣ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ቆመው ይጠብቃሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጉዤሩ ሞቆ ይወጣል፤ ለአንድ ሰው አራት። ሳንቡሳው መጨረሻ ነው፣ ቅቤ ተቀብቶ በ200 ዲግሪ 14 ደቂቃ፣ መሃል ላይ ተገልብጦ። ከኦቭን እንደወጣ አይቀርብም። ውስጡ ያለው ፎርማጆ ምላስ ያቃጥላል፤ ሦስት ደቂቃ ሲያርፍ ግን ቅርፊቱ ጠንክሮ ውስጡ ገና ልል ነው። ይህቺን ሦስት ደቂቃ አስተናጋጁ እንዳያሳጥራት ትሪውን ራሷ ይዛ ቆማለች።

ለሁለት ሰው ዐሥራ አምስት ሳንቡሳ ብዙ ነው። ያልተጋገረው በትሪ ተደርድሮ፣ ሳይነካካ በፍሪዘር ይቀዘቅዝና በከረጢት ይገባል። ለሚቀጥለው ሐሙስ ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ ኦቭን ይሄዳል፤ ከቀለጠ እርጥበቱ ጫፉን ይከፍተዋል። የሚጨመርለት 5 ደቂቃ ብቻ ነው።