ወረቀት ምን ያደርግልዎታል?

አንድ ወዳጄ ፈረስ ሊገዛ ተነሣና «እስቲ አብረን እንሂድ» አለኝ። እኔ ስለ ፈረስ የማውቀው ከኋላው አለመቆምን ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሄድን። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ ሻጩና ደላላው ጠበቁን። መለሎ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ ዳማ ፈረስ ተስቦ ወጣ።

«ንጹሕ ቶሮብሬድ ነው!» አለ ደላላው።

«ወረቀቱስ?»

«ጋሼ፣ ወረቀት ምን ያደርግልዎታል? ፈረሱ ራሱ ይናገራል!»

ፈረሱ ግን ዝም አለ።

የደላላው ድፍረት አልገረመኝም፤ እንጀራው ነው። የገረመኝ የወዳጄ ራስ መነቅነቅ ነው። ለአሮጌ መኪና ሊብሬ፣ ለአንድ ክፍል ቤት ካርታ ካላየሁ የሚል ሰው እዚህ ሲደርስ ምን ነካው?

እንነጋገር ከተባለ ቶሮብሬድ ማለት ረዥምና የሚያምር ፈረስ ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር የወጣ ዘር ነው። በአባት በኩል ሐረጉ የሚመዘዘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ18ኛው መጀመሪያ ከምሥራቅ ወደዚያ ከገቡ ሦስት ድንጉላዎች ነው። የዘር መዝገቡም ከ1791 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታትሟል። ቶሮብሬድነት በመዝገብ እንጂ በመልክ አይታወቅም። «ቶሮብሬድ ነው፣ ወረቀት ግን የለውም» ማለት «ዶክተር ነኝ፣ ዲግሪው ግን የለኝም» እንደ ማለት ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ በቶሮብሬድ ዋጋ ግን አይገዛም።

ወረቀቱም ቢኖር ዘሩን እንጂ ጤናውን አይናገርም። ይህ ዘር በሁለት ዓመቱ ለውድድር ስለሚቀርብ ጅማቱ ተጎድቶ የሚሸጥ አይጠፋም። ስለዚህ በደረቅ መሬት ላይ በሶምሶማ አስኪዶ ማየት፣ እግሩን በእጅ መዳበስ ነው። ጥርሱም ይታይ፤ ፈረስ የፊት ጥርሶቹን ለውጦ የሚጨርሰው አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ጥርስም ግምት ነው። ከሁሉ በላይ ሻጩ ያልጠራውን የእንስሳት ሐኪም ይዞ መሄድ!

ደግሞ በጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ «የአፍሪካ ፈረስ በሽታ» የሚባል ገዳይ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ። የውጭ ዘር ፈረስን ከያዘው አይምረውም። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። «ተከትቧል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ዘሩ ምንድን ነው?» ከሚለው መቅደም ነበረበት። ማንም አልጠየቀም።

«ሐኪም ይዘን እንመለስ» ብዬ ጎተትኩት። ደላላው ቀደመኝ፤ «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው!» አለ። ወዳጄ ቀብዱን ቆጠረ። ስንመለስ ለምን እንደቸኮለ ብጠይቀው «ጎረቤት ምን ዓይነት ፈረስ ነው ሲለኝ ቶሮብሬድ ልለው ነዋ!» አለኝ። ለካስ የገዛው ስሙን ነው። ትምህርት ቤቱንም፣ ሞባይሉንም፣ ሠርጉንም የምንገዛው እንዲህ አይደል?

ወር ሳይሞላ ፈረሱ በፊት ግራ እግሩ ማነከስ ጀመረ። ወዳጄ አሁን ገዢ እያፈላለገ ነው።

«ምን ብለህ ልትሸጠው?» አልኩት።

«ቶሮብሬድ ነው ብዬ ነዋ! እኔስ ምን ተብዬ ገዛሁት?»

ያን ጊዜ በደላላው መፍረዴን ተውኩ። ያ ምስኪን ፈረስ በየእጁ በዚሁ ስም ሲሸጥ ሲሸጥ፣ አንድ ቀን ስሙን የማይጠይቅ ባለጋሪ ይገዛዋል። እኛ የዋሸነውን እሱ በእግሩ ይከፍላል።