የነጋዴ መቃብርና የመታሰቢያ ጽሑፍ፦ ከባሶ ገበያ እስከ ካልካታ

በነጋዴ መቃብር ላይ የመታሰቢያ ጽሑፍ ሲቆም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ንግዱ ነው። የሟቹ ስም፣ ማዕርጉና የሞተበት ቀን በድንጋዩ ይቀረጻል፤ ምን እንደ ሸጠ፣ ከማን እንደ ገዛ፣ ትርፉም በማን ጫንቃ እንደ ተገኘ ግን አይጻፍም። ጉድለቱን በጽሑፉ ማጠር ማመካኘት የተለመደ ነው። ይሁንና ለማዕርግና ለውዳሴ ስፍራ ያልታጣበት ድንጋይ "ጨው ነጋዴ" የሚሉትን ሁለት ቃላት ለመሸከም ጠበበ ቢባል ማንንም አያሳምንም።

በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ሞጣ ስትነሣ ሞጣ ጊዮርጊስን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ይነሣሉ። ብቸና ስትነሣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ይነሣሉ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀሉት አርበኛ ስማቸው ለባሕር ዳር አየር ማረፊያም ለአዲስ አበባ ጎዳናም ተሰጥቷል። ሁለቱም መታሰቢያ ይገባቸዋል። ሲራራ ነጋዴው ግን በአገሩ ታሪክ ውስጥ የጅምላ ስም ብቻ ነው። መኳንንቱ ንግድን ይንቁ ነበር፤ ርስት የተነፈገው ሙስሊም ደግሞ በንግዱ ጸና። ነጋዴው ከአጋሰሶቹ ጋር በመንገድ ላይ ሊሞት ይችል ነበር፤ በአገሩ ቢሞትም የሙስሊም መቃብር ባለ ጌጥ መሆኑ አይወደድም። ይህ የሃይማኖት ሥርዓት እንጂ ቸልታ አይደለም። ስለዚህ የጎጃም ነጋዴ መቃብሩ ላይ ሐውልት አጣ ብሎ ማዘን ወደ ጉዳዩ በተሳሳተ በር መግባት ነው። መታሰቢያው የሚገባው ለገበያውና ለዓባይ መሻገሪያው ነው።

ለዚህ ከባሶ የተሻለ ስፍራ የለም። በየጁቤ አጠገብ ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓባይን ማዶና ሰሜኑን የሚያገናኝ ነበር። ከእናርያ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና፣ ከሰሜን የሚወርደው አሞሌ ጨውና የማርትሬዛ ብር እዚያ ይለዋወጡ ነበር። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በየጁቤ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ተጓዥ ቻርልስ ቤክ ስለ ባሶ ንግድ ጽፏል። ባሪያም ይሸጥበት ነበር። ስለ ጥንታዊ ንግድ ታላቅነት የሚናገር ማንኛውም ጽሑፍ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከዘለለ፣ አለመጻፉ ይሻላል።

የመቃብር ድንጋይ ምን ያህል እንደሚደብቅ የሚያሳየው ከሁሉ በላይ የካልካታው የጆብ ቻርኖክ መቃብር ነው። ቻርኖክ የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ወኪል ነበር፤ ነሐሴ 24 ቀን 1690 (እ.ኤ.አ.) ሱታኑቲ በተባለችው መንደር ዳርቻ ወረደ። በኋላም የካልካታ መሥራች ተባለ። ዛሬ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለውን ባለ ስምንት ማዕዘን መካነ መቃብር ያሠራው አማቹ ቻርልስ ኤር ነው። የላቲኑ ጽሑፍ ሟቹን የእንግሊዞች ወኪል ይለዋል፤ የትንሣኤን ተስፋ ይነግራል፤ በሌላ አገር ምድር ብዙ ዘመን ተንከራትቶ ወደ ዘላለም ቤቱ እንደ ተመለሰ ይተርካል። ውብ ነው፤ ውበቱም ነው አንባቢውን የሚያዘናጋው። በፓትና ለዓመታት ሲነግድበት የኖረው ለባሩድ የሚሆነው ጨው በአንዲት ፊደል አልተጠቀሰም። "በሌላ አገር ምድር" የምትለዋ ሐረግ የባለ አገሮቹን መኖር ሳታስበው መስክራለች፤ ከዚያ ውጭ ማናቸውም በጽሑፉ ውስጥ የሉም። ይባስ ብሎ የሥነ ምድር ሊቃውንት የመቃብሩን ጥቁር ድንጋይ ከሟቹ ስም አውጥተው ቻርኖካይት ብለው ሰየሙት፤ ነጋዴው በዓለም የዓለት መዝገብ ሳይቀር ገባ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቻርኖክ የከተማዋ መሥራች ሆኖ ሊቈጠር እንደማይገባ ወሰነ። መታሰቢያው ግን እንዳለ ነው።

የሐረሩ ጉዳይ ትንሽ አስቂኝ ነው። በ1880 (እ.ኤ.አ.) ሐረር የገባው ገጣሚው አርተር ራምቦ ለአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሲገዛ ኖረ፤ በ1887 (እ.ኤ.አ.) ለንጉሥ ምኒልክ መሣሪያ ሸጠ። በ1891 ማርሴይ ሞቶ ሻርልቪል ተቀበረ። መቃብሩ ስሙንና የጸሎት ልመናን ይዟል፤ ሽያጩን አይናገርም። በሐረር "ራምቦ ቤት" የሚባለውና ጎብኚ የሚጐርፍለት ቤት ደግሞ ራምቦ ካለፈ በኋላ የተሠራ ነው፤ ያሠራውም ህንዳዊ ነጋዴ ነው። ገጣሚው ባልኖረበት ቤት ባለ ቤት ሆነ፤ ያሠራው ነጋዴ ግን በግድግዳው ውስጥ ቀረ። ለቱሪስት የቀረበ ታሪክ ከዚህ የባሰ ግፍ ሊሠራ አይችልም።

ወደ ሞጣ ሲመለሱ፣ በስተሰሜን በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በአፄ ፋሲል ስም ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ተሰብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው የሚሻገረው በወገቡ ገመድ ታስሮ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጐተተ ነበር፤ ለገበያ የሚጓዘው ጥቅል ሳይቀር በገመድ ይሳብ ነበር። በ2002 (እ.ኤ.አ.) በውጭ በጎ አድራጊዎች ተጠገነ፣ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፣ በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራለት። ስለ ድልድዩ የሚወራው ንጉሡንና ጠጋኙን ይጠራል። የገመድ ጐታቹንና የተጐተተውን ነጋዴ ግን አይጠራም። በባሶና በዚህ መሻገሪያ የሚቆም ጽሑፍ አሞሌውን፣ ዝባዱን፣ ኬላውንና ቀረጡን፣ የተሸጡትንም ሰዎች በአራትና በአምስት መስመር ሊይዝ ይችላል፤ ለዚህም የአንድም ነጋዴ ስም አያስፈልገውም።