ሚዛን የያዘ እጅ

ዜና ነጋሪ ሁለት ጌቶች አሉት፤ አንደኛው እውነት፥ ሁለተኛው ሰሚ ነው። ሁለቱ በተስማሙ ጊዜ ሥራው ቀላል ነው፤ በተለያዩ ጊዜ ግን የነጋሪው ማንነት ይገለጣል። በአሜሪካ የሚገኘው ፎክስ ኒውስ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለዚህ ነገር ጥሩ ማስተማሪያ ይሆነናል።

ጣቢያውን ባለሀብቱ ሩፐርት መርዶክ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. አቋቋመው፤ ሥራውንም እንዲመራ ሮጀር ኤይልስን ሾመ። ኤይልስ አስቀድሞ ለሪፐብሊካን ፓርቲ ፕሬዚዳንቶች ምክር ይሰጥ የነበረ ሰው ነው። ጣቢያው እስከ 2017 ድረስ «ፍትሓዊና ሚዛናዊ» የሚል መፈክር ይዞ ኖረ። ነቃፊዎቹ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው ሲሉ፥ ደጋፊዎቹ ሌሎቹ ወደ ግራ ስላዘነበሉ ይህ ሚዛኑን አቃና ይላሉ።

አቋም መያዝ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ጋዜጣም አቋም አለው። ነውሩ ዜናና አስተያየት በአንድ ስምና በአንድ ምልክት ሥር እየተፈራረቁ፥ ተመልካች ድንበራቸውን ሲያጣው ነው።

በ2020 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሌሊት የጣቢያው የምርጫ ክፍል በአሪዞና ያሸነፈው ጆ ባይደን መሆኑን ከተፎካካሪዎቹ ቀድሞ አስታወቀ፤ ቃሉም ትክክል ሆነ። ብዙ ተመልካቾች ግን ተቈጡ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ተጭበርብሯል የሚሉ እንግዶች በመድረኩ ተፈራረቁ። የድምፅ መስጫ መሣሪያ የሚሠራው የዶሚኒየን ኩባንያ ክስ በመሠረተ ጊዜ የወጡት መልእክቶች፥ ከመሪዎቹና ከአቅራቢዎቹ አንዳንዶቹ ወሬውን እንዳላመኑት፥ ተመልካች እንዳይሸሽ ግን እንደ ፈሩ አሳዩ። ዳኛውም ስለ ኩባንያው የተነገረው ሐሰት መሆኑን በ2023 መጋቢት ወር ወሰነ፤ ጣቢያውም በሚያዝያ 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ስለዚህ የአድልዎው ምንጭ የባለሀብቱ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚለው ትችት ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሀት፥ ይኸውም ሰሚን የማጣት ፍርሀት ነው። በግብር ላይ የቆመ አዝማሪ የጋባዡን ፊት እያየ ግጥሙን እንደሚያዞር፥ ይህም ጣቢያ የተመልካቹን ፊት እያየ ነገሩን አዞረ።

ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና፥ ገንዘቡ ኩባንያውን ይክሰው ይሆናል፤ ወሬውን አምኖ የቀረውን ሰው ግን አይክሰውም። ተመልካችም ከጥፋቱ ድርሻ አለው፤ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ የሚሻ ሰው ሚዛኑን በገዛ እጁ ይጫነዋልና።