41 በመቶ ወይስ 21 በመቶ? ያለ ጊዜያቸው ስለተወለዱ ልጆች የሚነገሩ ቁጥሮችን እንመርምር

ችኩል ሰው ሲያዩ «የሰባት ወር ልጅ ነህ እንዴ?» የሚሉ አሉ። ቀልዱ ይቅርና ጥያቄው ግን ቁም ነገር ነው፤ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ እንዴት ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ መልስ በተፈለገ ቁጥር ስሙ የሚነሳ አንድ ጥናት አለ፤ ኤፒኪዩር ይባላል። ዛሬ ይህን ጥናት ከእናንተ ጋር እንፈትሸዋለን። ጥሩ የሠራውን እናደንቃለን፤ የጎደለውንም እንናገራለን።

መጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ

እርግዝና በአማካይ 40 ሳምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ37 ሳምንት በፊት የመጣን ሕፃን ያለ ጊዜው የተወለደ ይለዋል። ከ32 ሳምንት በፊት ከሆነ «በጣም ቀድሞ»፣ ከ28 ሳምንት በፊት ከሆነ ደግሞ «እጅግ በጣም ቀድሞ» የተወለደ ይባላል። ሳምንቱ ይህን ያህል ለምን ይቆጠራል? በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወራት አንጎል በፍጥነት ያድጋል፤ እጥፋቶቹ የሚበዙትና ክፍሎቹን የሚያገናኙት መስመሮች የሚዘረጉት ያኔ ነው። ቀድሞ የመጣ ሕፃን ይህን ሥራ የሚቀጥለው በማሞቂያ ሳጥን ውስጥ፣ በመብራትና በማሽን ድምፅ መሃል ነው።

ኤፒኪዩር የተከታተለው እ.ኤ.አ. በ1995 ከማርች እስከ ዲሴምበር በዩናይትድ ኪንግደምና በአየርላንድ ከ26 ሳምንት በፊት የተወለዱ ሕፃናትን ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው 241ዱ ተመረመሩ፤ ውጤቱም በ2005 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ። 22 በመቶው ከባድ፣ 24 በመቶው መካከለኛ፣ 34 በመቶው ቀላል ጉዳት ነበረባቸው። 20 በመቶው ምንም አልነበረባቸውም።

ከማን ጋር ሲነጻጸር?

አሁን ወደ ርዕሳችን እንምጣ። ተመራማሪዎቹ የልጆቹን የማሰብ ችሎታ ለክተው ከፈተናው መጽሐፍ አማካይ ጋር ሲያስተያዩት፣ ከተቀመጠው መስመር በታች የወደቁት 21 በመቶ ነበሩ። ያንኑ ውጤት ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ሲያስተያዩት ግን 41 በመቶ ሆነ። ልጆቹ አልተለወጡም፣ ፈተናው አልተለወጠም፤ ቁጥሩ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፈተናው አማካይ የተወሰደው ከዓመታት በፊት ከተፈተኑ ልጆች ነው። በብዙ አገሮች ደግሞ የልጆች ውጤት ከትውልድ ትውልድ ከፍ እያለ መጥቷል። ስለዚህ አሮጌው መለኪያ የዛሬን ልጅ ካለበት ከፍ አድርጎ ያሳያል። የክፍል ጓደኞችን አብሮ መፈተን ለዚህ መድኃኒቱ ነው፤ የኤፒኪዩር ትልቁ ብርታትም ይኸው ነው። ዘገባ ስታነቡ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ብላችሁ መጠየቅን ልመዱ።

የጎደለው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ መስመሩ። ከመስመሩ አንድ ነጥብ በታች ያለው ልጅ «ጉዳት ያለበት» ይባላል፤ አንድ ነጥብ በላይ ያለው ደግሞ «የለበትም»። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን አንድ ጥያቄ ከመሳት አይበልጥ ይሆናል። መቶኛ ለመንግሥት ዕቅድ ይጠቅማል፤ ስለ አንድ ልጅ ግን ብዙም አይነግረንም።

ሁለተኛ፣ የልደት ቀን። በ25 ሳምንት የተወለደ ልጅ ከቀኑ 15 ሳምንት ቀድሟል። በእንግሊዝ የክፍል ዓመት የሚቆረጠው ኦገስት 31 ላይ ነው። በጁላይ መጨረሻ የተወለደው ይህ ልጅ በቀኑ ቢወለድ ኖሮ ኖቬምበር ላይ ይወለድና ትምህርት የሚጀምረው ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር። አሁን ግን ከክፍሉ ትንሹ ሆኖ ይገባል። ይህ ብቻውን ልዩነቱን ሁሉ አያስረዳም፤ ግን ከልጁ ጭንቅላት ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያው የመጣ ሸክም ነው።

ሦስተኛ፣ የቀሩት ልጆች። በስድስት ዓመት የተመረመሩት በሕይወት ካሉት 78 በመቶ ነበሩ፤ በ19 ዓመት ግን ከግማሽ በታች ወርደዋል። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚቀሩት ኑሮ የከበዳቸው ቤተሰቦች ናቸው። ስለዚህ የቀረልን ስዕል ከእውነታው ይልቅ ብሩህ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ የልጆቹ ድምፅ። በካናዳ ሳሮጅ ሳይጋልና ባልደረቦቿ እጅግ ትንሽ ሆነው የተወለዱ ልጆች በአፍላ ዕድሜያቸው ሕይወታቸውን ራሳቸው እንዲመዝኑ ጠየቁ። በ1996 የታተመው ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ ከእኩዮቻቸው በላይ ችግር ቢኖርባቸውም አብዛኞቹ ሕይወታቸውን ልክ እንደ እኩዮቻቸው ጥሩ ነው ብለው መዘኑት። «ጉዳት» ብለን የጻፍነውና ልጁ «ሕይወቴ» የሚለው አንድ አይደሉም።

ክፍል ውስጥስ?

እዚህ ላይ ነው ቁጥሮቹ ሥራ መሥራት ያለባቸው። በጣም ቀድመው የተወለዱ ልጆች በተለይ በሒሳብ፣ ብዙ ነገር በአንዴ በአእምሮ በመያዝና በፍጥነት በመሥራት ይቸገራሉ። ትኩረታቸው ይበተናል፤ ብዙዎቹ ግን አይረብሹም፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ «ሰነፍ» ወይም «ቀልቡ የሌለ» ይባልና ይታለፋል። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ሳማንታ ጆንሰን የመራችው ቡድን ለመምህራን በኢንተርኔት ነፃ ትምህርት ያዘጋጀው ለዚህ ነው። መመሪያን ቆራርሶ መስጠትና ጊዜ መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ይህ ቁጥር ለእኛ ይሠራል?

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአምስት ሆስፒታሎች ትልቅ ጥናት ተደርጓል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ መረመረ፤ የመተንፈስ ችግርና ኢንፌክሽን ከዋነኞቹ ምክንያቶች መካከል ነበሩ። መቅደም ያለበት ጥያቄ ይህ ስለነበር አንወቅሰውም። ነገር ግን የእንግሊዙን 41 በመቶ አምጥተን እዚህ መለጠፍ አንችልም። እዚያ በ25 ሳምንት ተወልዶ በማሽን የተረፈው ልጅና እዚህ በ31 ሳምንት ተወልዶ በእናቱ ደረት ላይ፣ በካንጋሮ እንክብካቤ የተረፈው ልጅ መንገዳቸው የተለያየ ነው። የኛው ጥናት ሕፃናቱን የተከታተለው እስከ 28ኛው ቀን ነው፤ አንደኛ ክፍል የሚጀመረው ደግሞ በሰባት ዓመት። ከእናንተ መካከል ነገ ተመራማሪ የሚሆን ካለ፣ የሚጠብቀው ሥራ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው።