«ዘራፍ» እና «በሕግ አምላክ»፦ የመውሰድና የጠባቂ ቃላት በጎንደር አማርኛ

የአራዳ ቋንቋ በሥነ ጽሑፍ ጥናት ሲነሣ አንዱ ወገን ብልግና ነው ብሎ ያወግዘዋል፤ ሌላው የተገፉ ሰዎች ድምፅ ነው ብሎ ያወድሰዋል። ሁለቱም ቃሉ ከማን ወገን እንደተነገረ አይጠይቁም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚታወቁ፣ መውሰድንና ጸጥታ አስከባሪን የሚመለከቱ ጥቂት ቃላትን ከዚህ ጥያቄ አንጻር መመርመር ነው።

በወገራም ሆነ በዳባት ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ፣ ቃሉ «ዘረፈ» ከሚለው ግሥ ጋር ዝምድና አለው ብሎ የሚያፍርበት የለም። የቅኔ ተማሪም ቅኔ «ዘረፈ» ሲባል ተመሰገነ ማለት ነው። በገበያ መካከል የሰው ኪስ የገባ ልጅ ግን ሌባ ነው። እሱም በበኩሉ ድርጊቱን «ላፍ አደረግሁ»፣ «ሞጨለፍሁ» እያለ ያቀለዋል። ሹም ሲሆን ደግሞ «በላ» ይባላል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሕዝብን ሀብት የሹመት ቀለብ ያደርገዋል። አንዱ በክብር፣ አንዱ በጨዋታ፣ አንዱ በማዕድ ይሸፈን እንጂ፣ ሦስቱም አነጋገሮች ከወሳጁ ወገን የቆሙ ናቸው። ለተወሰደበት ሰው የተረፈው «ተበላሁ»፣ «ተሸወድሁ» ማለት ነው፤ ይህም ሌባውን ከመክሰስ ይልቅ የራስን ሞኝነት መናገር ይሆናል።

የጠባቂው ስያሜም ከዚህ አይርቅም። የአዲስ አበባ የቀድሞ ጸጥታ አስከባሪ «የአራዳ ዘበኛ» ይባል ነበር፤ ከእርሱ የሚያመልጠው ብልጥም «የአራዳ ልጅ» ተባለ፤ አሳዳጁና ተሳዳጁ አንድ የገበያ ስም ተካፈሉ። በንጉሡ ዘመን የገጠሩ ኀይል «ነጭ ለባሽ»፣ ማለትም በሥራው ሳይሆን በልብሱ ተጠራ። ወሬ አቀባዩ ደግሞ «ጆሮ ጠቢ» ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ጎንደርን ሲያደማ እንዲህ ያለው ቃል ቀልድ ሳይሆን ሰው የሚያተርፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። ስለሆነም የአራዳን ቋንቋ በጅምላ ብልግና ማለት የፍርሃትን ዘመን ምስክር መደምሰስ ነው።

ይሁንና ውዳሴውም በልክ መሆን ይገባዋል። በግዋን የተነጠቀች ባልቴት የአራዳ ቃል አትፈልግም፤ የምትጮኸው «የሕግ ያለህ!»፣ «በሕግ አምላክ!» ብላ ነው። የእርሷ ጠባቂ ልብስም ጆሮም ሳይሆን ሕግ ነው። ተመራማሪ «ዘራፍ»ን ብቻ መዝግቦ ይህን ጩኸት ቢተው፣ የወሳጁን መዝገብ እንጂ የሕዝቡን ቋንቋ አልሰበሰበም።