ጉልበት በየትኛው ሥራ ይመዘን?

ጌይል ዴይልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጡት ጥናት፥ ኦስቲዮአርትራይተስ በሚባለው የመገጣጠሚያ መሸርሸር ጉልበቱ ለታመመ ሰው ከሁለት ሕክምናዎች የትኛው እንደሚሻል ይመረምራል። በአሜሪካ የጦር ሠራዊት የጤና አገልግሎት የሚታከሙ 156 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ፊዚዮቴራፒ ተሰጣቸው፥ የቀሩት ጉልበታቸውን የግሉኮኮርቲኮይድ መርፌ ተወጉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ዎማክ በተባለው፥ ከ0 እስከ 240 በሚቆጥር መጠይቅ ሲመዘኑ፥ የመርፌው ወገን አማካይ 55.8፥ የፊዚዮቴራፒው 37.0 ሆነ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሕመሙ ቀላል ነውና ፊዚዮቴራፒው በልጧል።

ጥናቱ የሚመሰገንበት አለው። ሕሙማኑን የለየው ዕጣ እንጂ የሐኪም ምርጫ አይደለም፤ መርፌ ቶሎ በሚያስታግሥባቸው ጥቂት ሳምንታት ሳይወሰን ዓመት ሙሉ ጠብቋል። ይሁን እንጂ ሕሙማኑ የትኛውን ሕክምና እንዳገኙ ያውቁ ነበር፤ ሁለቱንም ያላገኘ ሦስተኛ ወገንም ስላልነበረ፥ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ምን ያህል እንደሚቀል ከዚህ አይታወቅም።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበን ሚዛኑ ነው። ዎማክ ስለ ደረጃ መውጣት፥ መኪና ውስጥ ስለ መግባት፥ ስለ መታጠቢያ ገንዳና ካልሲ ስለ ማጥለቅ ይጠይቃል። በወላይታ እንሰት የምትፍቅ እናት ግን ዘንበል ባለ ጣውላ ላይ እንሰቱን በአንድ እግሯ ረግጣ ይዛ ነው የምትሠራው። የሁምቦ ገበሬ ውሃና እህል ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ ለመጸዳዳትም ቁጢጥ ይላል። ጉልበቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ሆኖ ሳለ መጠይቁ ሌላውን ከጠየቀ፥ መልሱ ትክክል ቢሆንም ለእርሱ አይበቃውም።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። በጥናቱ ፊዚዮቴራፒው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስከ 8 ጊዜ ይሰጥ ነበር። ከሁምቦ ሶዶ ድረስ ስምንት ጊዜ መመላለስ የመጓጓዣ ሒሳብና የባከነ የሥራ ቀን ነው፤ መርፌው ግን ከዚያ ያነሰ መመላለስ ይጠይቃል። ስለዚህ ሕመምተኛው መርፌውን ቢመርጥ አላዋቂ ልንለው አይገባም።

ጥናቱን አንጥለውም፤ ነገር ግን እንዳለ አምጥተን አንጭነውም። በእኛ አስተያየት ይህን ጉዳይ የሚያነሣ ተማሪ በመጀመሪያ መጠይቁን በወላይትኛ፥ ከመፋቁ፥ ከሸክሙና ከቁጢጡ ተነሥቶ ያዘጋጅ፤ ቀጥሎም አንድ ሁለት ጊዜ ተምሮ በቤት የሚሠራ እንቅስቃሴን ከመርፌው ጋር ያመዛዝን። ይህ ሲሆን ነው ምርጫው የሕመምተኛው የሚሆነው።