የተመለሰው ፊልም፣ ያልተመለሰው ጨለማ ክፍል

ፉጂፊልም ኒዮፓን አክሮስ 100 የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልሙን እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያስታውቅ ምክንያቱ የገበያው መቀዝቀዝ ብቻ አልነበረም፤ ጥሬ ዕቃውም አልገኝ ብሎ ነበር። በዓመቱ አክሮስ ሁለት ብሎ መለሰው፤ ያልተገኘው ጥሬ ዕቃ በሌላ ተተክቶ። ኮዳክም በ2012 ያቆመውን ቲማክስ ፒ3200 በ2018 አስነሣ። ነገሩ ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከባቱና ከሻሸመኔ ሲታይ ግን የተመለሰው ሸቀጡ ነው፤ ሙያው አልተመለሰም። በእነዚህ ከተሞች ጥቁርና ነጭን ያስቀረው የፋብሪካ ውሳኔ ስላልነበረ፣ የፋብሪካ ውሳኔ ብቻውን አይመልሰውም። ባለቀለሙ ፊልም በማሽን የሚታጠብ በመሆኑ የፎቶ ቤቱን ጨለማ ክፍል ሥራ አሳጣው፤ ዲጂታሉ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። አብሮ የቀረው እውቀት ቀላል አይደለም። የማጠቢያ ሰንጠረዦች መነሻ የሚያደርጉት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃን ነው፤ አዳማ ግን ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ውሃው ሲሞቅ ዴቨሎፐሩ ይፈጥናል፤ ደቂቃው ካልተቀነሰ የስምጥ ሸለቆው የቀትር ፀሐይ ያነጣው ግንባር ነጋቲቩ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይጠቁርና ኅትመቱ ላይ ገጽታው ይጠፋል። ይህን ልኬት የሚያውቀው በዚያው ውሃ ሲያጥብ የኖረ እጅ ነው።

ትንሣኤ የሚለው ቃል በተሻለ የሚገባው ለሌላ ሥራ ይመስለኛል። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው አብዮቱ በፈነዳበት እ.ኤ.አ. በ1974፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር። ሥራው በ2006 ቦሎኛ ውስጥ ታድሶ ለአዲስ ተመልካች በቃ። ያስነሣው የተረፈው ፊልምና እሱን ማንበብ የሚችል ባለሙያ እንጂ አዲስ ጥሬ ፊልም አልነበረም።

እንዲህ ከሆነ አዲሱ ፊልም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ቅንጦት ነው፣ የድሮውን ነጋቲቭ በስልክ ማንሳት ይበቃል የሚል ይኖራል። የዋጋው ነገር እውነት ነው። ስልኩ ግን ምስሉን ይቀዳል እንጂ አይመረምርም። የሳሳው ነጋቲቭ ብርሃን አንሶት ነው ወይስ እጥበት? ሬቱሽ አድራጊው በእርሳስ የነካው የትኛውን ጉንጭ ነው? ይህን የሚለየው ራሱ አጥቦ፣ ራሱ አትሞ፣ ደጋግሞም ያበላሸ ሰው ነው፤ ለማበላሸት ደግሞ ፊልም ያስፈልጋል። ስለዚህ የተመለሰውን ፊልም አዳማ ላይ የምደግፈው ለናፍቆት ሳይሆን ለማስተማሪያነት ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ፕሮጀክት የመዲናዋን የቤተሰብ ፎቶዎች ለመሰብሰብ ሞክሯል፤ ስሙ እንደሚለው ግን የአዲስ አበባ ነው። በባቡር መስመሩና በሐይቆቹ ዳር ላሉት ከተሞች ተመሳሳይ ሥራ ሊዘገይ አይገባም፤ በደንብ ካልታጠበ ነጋቲቭ ላይ የቀረ ፊክሰር ብሩን መብላቱን አያቆምም፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል።